አዲስ የዓሣ ገንዳ፦ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ማጣሪያውን እንዴት ታዘጋጃላችሁ?

ጎንደር ውስጥ አኳሪየም ከጀመሩ ሰዎች የምሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። ገንዳው ተገዛ፣ ውሃ ተሞላ፣ ማጣሪያው ተሰካ፣ ውሃው ጠራ። በማግስቱ ዓሣ ገባ። ሳምንት ሳይሞላ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር ፍለጋ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ከዚያ ተራ በተራ ሞቱ። ባለቤቱ "የሸጡልኝ በሽተኛ ዓሣ ነው" ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ዓሣው ጤነኛ ነበር። ያልተዘጋጀው ማጣሪያው ነው።

ዓሣ በስንጥቡ (በሚተነፍስበት የአካል ክፍሉ) እና በኩሱ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። ማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በዝቶ ካልተጠራቀመ ብዙም አይጎዳም፤ ውሃ በመቀየር ይወገዳል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ከሱቅ ከመጣ አዲስ ማጣሪያ ጋር አይመጡም። ቀስ ብለው ነው የሚራቡት። ሥራችሁ ዓሣ ሳይኖር አሞኒያ እየመገባችሁ እነሱን ማሳደግ ነው። ሞቅ ባለ ውሃ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በቀዘቀዘ ውሃ ይረዝማል። ለጥምቀት እንግዳ ሲመጣ ገንዳው ዓሣ እንዲኖረው የምትፈልጉ ኅዳር አጋማሽ ላይ ጀምሩ።

ከሁሉም በላይ ይህን ያዙ፦ ቀን አትቁጠሩ፣ ውሃውን ለኩ። የውሃ መጥራትም ምንም አይነግራችሁም። አሞኒያና ናይትራይት ቀለም የላቸውም።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን አሟሉ

ገንዳውን ውሃ ከመሙላታችሁ በፊት እነዚህ በእጃችሁ ይግቡ።

*የውሃ መለኪያ።* የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬትና የፒኤች (የውሃው አሲድነት ልክ)። በጠብታ የሚሠራውን ምረጡ። በወረቀት የሚለኩት ብዙዎቹ አሞኒያን አይጨምሩም፤ ለእኛ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። እዚህ ካላገኛችሁ ከአዲስ አበባ አስልኩ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያምጣላችሁ። ሲደርሳችሁ የማብቂያ ቀኑን እዩ። መለኪያ ሳይኖር መጀመር በጨለማ መንገድ መሄድ ስለሆነ እስኪደርስ ጠብቁ።

*ማጣሪያና ማደሪያ።* ባክቴሪያው የሚጣበቅበት ነገር ማለቴ ነው፤ ስፖንጅ፣ የሴራሚክ ቀለበት ወይም ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ። የሴራሚኩ ዋጋ ከከበዳችሁ ለግንባታ የሚውለው ቀይ አሽ ጥሩ ምትክ ነው። ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ባክቴሪያው የሚይዘው ቦታ አያጣም። ሲሚንቶና ኖራ ያልነካውን ምረጡ። የለውዝ ፍሬ የሚያህሉትን ለዩና የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡ። አንዱን ጠጠር ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ተዉት።

*ማሞቂያና ቴርሞሜትር።* ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር። ባክቴሪያዎቹ የሚወዱት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው። ለአንድ ሊትር 1 ዋት አስቡ፤ ለ100 ሊትር ገንዳ 100 ዋት ይበቃል።

*የአየር ፓምፕ።* ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ፓምፑ ለጌጥ አይደለም። ከተቻለ በባትሪም የሚሠራውን ግዙ።

*ትናንሽ ነገሮች።* ከፋርማሲ ባለ 1ና ባለ 5 ሚሊ ሲሪንጅ ያለ መርፌው፣ ለዓሣ ብቻ የሚሆን ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ባልዲ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ደብተርና እስክርቢቶ።

ደረጃ 2፦ ገንዳውን አስቀምጡ፣ መጠኑን አስሉ

100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው። መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር ከዚያ በላይ ይሆናል። የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት።

መጠኑን ለማወቅ ርዝመቱን፣ ወርዱንና የውሃውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር ለኩ፤ ሦስቱን አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። ሊትሩ ይወጣል። ጠጠርና ድንጋይ ካለው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንሱ። ይህን ቁጥር ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። የአሞኒያው ልክ የሚወጣው ከእሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ክሎሪን የሌለው ውሃ ሙሉ

ክሎሪን ጀርም ለመግደል የተጨመረ ነው። የምታሳድጉትንም ባክቴሪያ ይገድላል።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ቤት ሮቶና ጀሪካን አለ። ይህ ለኛ ሥራ ይጠቅማል። የቧንቧ ውሃ ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ የአየር ፓምፕ እየሠራበት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ከቆየ ክሎሪኑ በአብዛኛው ይወጣል። ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ ግን ቶሎ አይወጣም፤ ወደ ባልዲ ገልብጡት። የክሎሪን ማጥፊያ ፈሳሽ ካላችሁ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ተጠቀሙ።

ተጠንቀቁ፦ ለመጠጥ ብላችሁ ውሃ አጋር ወይም አኳታብ የጨመራችሁበትን ውሃ ገንዳው ውስጥ አታስገቡ። ሁለቱም ክሎሪን ናቸው። ሮቶው በቅርቡ በበረኪና ታጥቦ ከሆነም የዚያን ሙሌት እለፉት።

ከጣና፣ ከአንገረብ ወይም ከቀሃ ወንዝ ውሃና ጭቃ "ባክቴሪያ አለው" ብላችሁ አታምጡ። ባክቴሪያ ይኖረዋል፣ ግን ከሱ ጋር የዓሣ ጥገኛ ተሕዋስያንም ይመጣሉ። ቀንድ አውጣም ይመጣል። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ መኖሩን አትርሱ። እጃችሁን በየቀኑ የምትነክሩት ገንዳ ነው።

ደረጃ 4፦ ማጣሪያውን አስነሡ

1. ማደሪያውን ማጣሪያው ውስጥ አስገቡ። ስፖንጁ ውሃው መጀመሪያ የሚያልፍበት ቦታ ይሁን፤ ቆሻሻውን እሱ ይያዝ። ቀለበቱ ወይም ቀይ አሹ ከኋላው ይሁን።
2. ፓምፑን የምትሰኩት ውሃው ከሞላ በኋላ ነው። በደረቁ ከሠራ ይቃጠላል።
3. ማሞቂያውን ውሃ ውስጥ ከትታችሁ 15 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ከዚያ ሰኩት። 26 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ውሃ ልትቀንሱ ስትሉ ሁልጊዜ ቀድማችሁ ንቀሉት። ከውሃ ውጪ የጋለ መስታወት ይሰነጠቃል።
4. የኤሌክትሪክ ገመዱ ሶኬቱ ጋር ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ሶኬት ውስጥ አይገባም።
5. የገንዳውን መብራት አጥፉ። ባክቴሪያዎቹ ብርሃን አይፈልጉም፤ ብርሃን የሚፈልገው አልጌ ነው።

ማጣሪያው ከዛሬ ጀምሮ ሌሊትም ቀንም አይጠፋም። "ድምፁ ይረብሸኛል" ብሎ ማታ ማታ የሚነቅል ሰው አለ። የሠራውን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ደረጃ 5፦ ካገኛችሁ ዘር ጨምሩ

ለሊጥ እርሾ ከጎረቤት እንደምትለምኑ ሁሉ እዚህም ዘር መለመን ይቻላል። ዓሣዎቹ ጤነኛ የሆኑ፣ ቢያንስ ጥቂት ወራት የቆየ ገንዳ ያለው ሰው ካለ ከማጣሪያው ቁራጭ ስፖንጅ ወይም አንድ እፍኝ ቀለበት ጠይቁ። የእናንተ ማጣሪያ ውስጥ አስገቡት። ጊዜውን በጣም ያሳጥራል።

ስፖንጁ መንገድ ላይ አይድረቅ። እርጥቡን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ብዙ አየር አስቀርታችሁ ያዙት። ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ታሽጎ ከመጣ ኦክስጅን ያጥረዋል። በዚያው ቀን ይግባ።

በቅርቡ ዓሣ የሞተበት ገንዳ ከሆነ አትውሰዱ። በጠርሙስ የሚሸጠው ባክቴሪያ ደግሞ ፀሐይ ላይ ከቆየ ወይም ቀኑ ካለፈ ዋጋ የለውም። ካገኛችሁ ሞክሩት፣ ግን እሱን አምናችሁ መለካቱን አትተዉ።

ደረጃ 6፦ አሞኒያ መግቡ

የምንፈልገው ልክ በሊትር 2 ሚሊግራም ነው። መለኪያው ፒፒኤም ቢል ያው ነው።

*ሀ. የአሞኒያ ፈሳሽ።* ሽታ፣ ቀለምና ሳሙና የሌለበት፣ 10 በመቶ የሆነው። ለ100 ሊትር 2 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ጨምሩ። ከመግዛታችሁ በፊት ጠርሙሱን ነቅንቁት፤ አረፋው ካልጠፋ ሳሙና አለበት፣ አትግዙ። ስትከፍቱት መስኮት ክፈቱ። ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አታገናኙት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

*ለ. አሞኒየም ክሎራይድ።* የላብራቶሪ ኬሚካል ከሚሸጡ ይገኛል። ለ100 ሊትር 0.6 ግራም ገደማ። የትናንሽ ክብደት ሚዛን ከሌላችሁ 6 ግራም በ1 ሊትር ውሃ አሟሙና ከዚያ 100 ሚሊ ጨምሩ። የቀረውን ከድናችሁ "መርዝ" ብላችሁ ጻፉበት፣ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡት።

*ሐ. ጥሬ ዓሣ።* ከላይ ያሉት ካልተገኙ ከጎርጎራ የመጣ ቆሮሶ ይሠራል። ለ100 ሊትር 10 ግራም ያህል ሥጋ፣ ጨው ያልነካው። በስቶኪንግ ካልሲ ቋጥራችሁ ውሃው ውስጥ ስቀሉት። አሞኒያው 2 ሲደርስ አውጡት። ይሸታል፣ ውሃውንም ያደፈርሳል፣ ልኩም አይታወቅም። ግን ይሠራል።

ዩሪያ ማዳበሪያ በየቦታው ስላለ የሚያስቡት አሉ። እኔ አልመክርም። ዩሪያ ወደ አሞኒያ እስኪለወጥ ድረስ መለኪያው ላይ አይታይም። ሰው "ገና ነው" እያለ ይጨምራል፤ ከቀናት በኋላ ሁሉም አንድ ላይ አሞኒያ ይሆናል።

ከጨመራችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለኩ። ከ4 በላይ ከሆነ ግማሹን ውሃ ቀይሩ። ብዙ አሞኒያ ሥራውን አያፋጥንም፤ ራሳቸውን ባክቴሪያዎቹን ያፍናቸዋል።

ደረጃ 7፦ ለኩ፣ ጻፉ፣ ጠብቁ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። በየሁለት ቀኑ አሞኒያና ናይትራይት ለኩ። በሳምንት አንዴ ፒኤች ለኩ። ቁጥሩን ከነቀኑ ደብተሩ ላይ አስፍሩ።

*የመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ።* ምንም የሚለወጥ ነገር ላይኖር ይችላል። አሞኒያው እዚያው 2 ላይ ቆሟል። አትጨምሩ፣ አትቀይሩ፣ ማጣሪያውን አትክፈቱ።

*አሞኒያ ሲወርድ።* ናይትራይት ብቅ ይላል። መለኪያው ቀለም ሲቀይር የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች መጡ ማለት ነው። አሞኒያው ከ0.5 በታች ሲሆን እንደገና ወደ 2 መልሱት።

*ናይትራይት ሲቆለል።* ረጅሙ ጊዜ ይሄ ነው። አሞኒያው በአንድ ቀን ያልቃል፣ ናይትራይቱ ግን የመለኪያው የመጨረሻ ቀለም ላይ ተቀምጦ አልወርድም ይላል። አሁን የአሞኒያውን ምግብ በግማሽ ቀንሱ፤ አሞኒያው ሲያልቅ 1 ሚሊግራም በሊትር ብቻ። ናይትራይቱ ከ5 ካለፈ ግማሹን ውሃ ቀይሩ። አትፍሩ፣ ባክቴሪያው የሚኖረው ስፖንጁና ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ነው፤ ውሃው ውስጥ ያለው በጣም ጥቂት ነው።

በዚህ ጊዜ ናይትሬት መለካት አያስፈልግም። ናይትራይት ሲበዛ የናይትሬቱን ንባብ ያሳስታል።

*ናይትራይት ድንገት ሲወርድ።* ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ያኔ ወደ ፈተናው እለፉ።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻው ፈተና

ሁለቱም ዜሮ ሲያነቡ አሞኒያውን ወደ 2 አድርሱ። በ24 ሰዓት ለኩ። አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው። በማግስቱ ድገሙት። ሁለቱንም ቀን ካለፈ ማጣሪያው ዝግጁ ነው። አንዱ 0.25 እንኳ ካሳየ ገና ነው። "ትንሽ ናት" ብላችሁ አትለፉት፤ ጥቂት ቀን መግባችሁ እንደገና ፈትኑት።

ደረጃ 9፦ ውሃ ቀይሩ፣ ዓሣ አስገቡ

ከ80 እስከ 90 በመቶ ውሃ ቀይሩ፤ የተጠራቀመው ናይትሬት ይውጣ። ከቀየራችሁ በኋላ ናይትሬቱ ከ20 በታች ይሁን። አዲሱ ውሃ ክሎሪኑ የወጣለትና ሞቅ ያለ ይሁን። ይህን ያህል ውሃ በአንድ ቀን ስለማይገኝ ፈረቃው ሲደርስ ቀድማችሁ አጠራቅሙ።

በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ዓሣ አስገቡ። ዓሣው ከዘገየ በየቀኑ 1 ሚሊግራም አሞኒያ መመገባችሁን ቀጥሉ፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው በረሃብ ያልቃል። ከረጢቱን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፍፉት። ዓሣውን በመረብ አውጥታችሁ አስገቡ፤ የመጣበትን ውሃ አትገልብጡ። መጀመሪያ ጥቂት ዓሣ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ። ጎልድፊሽ ከሆነ የበለጠ ቆጥቡ፤ የሚያወጣው አሞኒያ ብዙ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ለኩ። ምግቡ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ይሁን።

መብራት ሲጠፋ

በኛ ከተማ ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ውሃው ሲቆም ማጣሪያው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል። ገንዳው ውስጥ የሚቀመጥ ክፍት ስፖንጅ ረዘም ላለ ጊዜ ይችላል። ውጭ የሚቆም፣ ክዳኑ የታሸገ ማጣሪያ ግን በጥቂት ሰዓት ይበላሻል። ማጣሪያ ገና ካልገዛችሁ ለጎንደር የምመርጠው በአየር ፓምፕ የሚሠራውን ስፖንጅ ነው። ርካሽ ነው፣ በባትሪም ይሄዳል።

- መብራቱ ጠፍቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ የታሸገውን ማጣሪያ ክፈቱና ማደሪያውን ገንዳው ውስጥ አስቀምጡ። የባትሪ አየር ፓምፕ ሥሩ አድርጉ።
- መብራት ሲመጣ የታሸገውን ወዲያው አትሰኩ። ውስጡ የቆየው ውሃ የሚሸት ከሆነ ድፉት። ማደሪያውን በገንዳው ውሃ ለቅለቅ አድርጋችሁ መልሱ።
- በማግስቱ አሞኒያና ናይትራይት ለኩ።

አልሄድ ሲል

*ውሃው ነጭ ሆነ።* ሌሎች ባክቴሪያዎች ተራብተው ነው። በጥቂት ቀን ይጠራል። ማጣሪያውን አትጠቡ።

*ሦስት ሳምንት ሆነ፣ አሞኒያው አልነቃነቅ አለ።* መጀመሪያ ሙቀቱን እዩ። ከ20 በታች ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። ቀጥሎ ክሎሪን ያለው ውሃ ገብቶ እንደሆነ አስቡ። ከዚያ ፒኤች ለኩ።

*ፒኤች ከ6.5 በታች ወረደ።* ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ ውሃውን አሲዳማ ያደርጉታል፤ በጣም አሲዳማ ሲሆን ራሳቸው ይቆማሉ። ለ100 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በባልዲ አሟሙና ጨምሩ። በማግስቱ ለኩ፤ ካስፈለገ ድገሙ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ እሱ አሲድና ስታርች አለበት።

*ማጣሪያው ተደፈነ።* ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። በቧንቧ ውሃና በሳሙና ከታጠበ ከደረጃ 6 ትጀምራላችሁ። ስፖንጁና ድንጋዩ አንድ ላይ አይታጠቡ።

ዓሣው ቀድሞ ገብቶ ከሆነ

ይህን የምታነቡት ዓሣ ከገባ በኋላ ከሆነ አሞኒያ አትጨምሩ። ዓሣው ራሱ ያወጣል። በየቀኑ ለኩ። አሞኒያ ወይም ናይትራይት 0.25 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከሩብ እስከ ግማሽ ውሃ ቀይሩ። ምግቡን በሁለት ቀን አንዴ ትንሽ ብቻ አድርጉት። ናይትራይት ከታየ ለ100 ሊትር ከ10 እስከ 20 ግራም የምግብ ጨው አሟሙታችሁ ጨምሩ። ጨው ናይትራይቱን አያጠፋውም፤ በስንጥቡ በኩል ወደ ዓሣው ደም እንዳይገባ ያግዛል። ውሃ በቀየራችሁ ቁጥር የወጣውን ያህል ጨው ብቻ ተኩ። ለሁለት ሳምንት ውሃ ሳትቀይሩ እንኳ ሁለቱም ዜሮ ላይ ከቆዩ መለካቱን በሳምንት አንዴ አድርጉት። እስከዚያ አዲስ ዓሣ አትጨምሩ።